ጥቁር አይደለንም ያሉ ጥቁሮች

ከደሴ የወጣሁት በዝናብ ነው። ከመግሪብ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግልኝ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ዚፑን ለመዝጋት እታገል ነበር። አልዘጋም አለ። መጽሐፎቼን ካስገባሁ ሽሮው ይቀራል፣ ሽሮውን ካስገባሁ መጽሐፎቼ ይቀራሉ። እኔ ሞኟ ሽሮውን አወጣሁ። እናንተ ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ፣ ከእኔ ተማሩና መጽሐፉን ተዉት። እዚህ አገር መጽሐፍ ሞልቷል። ሥጋን ከማርማላታ ጋር የሚበላ ሕዝብ መሐል ስትገቡ የምትፈልጉት ሽሮ ነው።

አባቴ ሁሴን ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ማታ ለገባው ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ለትምህርት ነው የምትሄደው፣ ለስደት አይደለም» ይሉ ነበር። መኪናው ሲመጣ ሻንጣዬን ራሳቸው ጫኑና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው፣ «ሰዓዳ፣ እዚያ ሰው ይንቅሻል ብዬ አልሰጋም። የተማርሽ ነሽ» አሉኝ። እኔም አምኜ ሄድኩ።

ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ። ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ትምህርት ስለ ጥቁር ሕዝብ ጸሐፊዎችና አሳቢዎች የሚያወራው ነበር፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ተነሥተው ፓሪስ ስለገቡት፣ ከአሜሪካ ሸሽተው አክራ ስለተቀመጡት፣ ስለ ቀለማቸው ሲጽፉ ኖረው ስለሞቱት። ተማሪዎቼ፣ «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚናደዱት?» ይሉኛል። እኔም ጠመኔዬን ይዤ አብራራላቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። በካርታ ላይ ባሕር እያሳየሁ ዋና አስተምር ነበር።

ስቶክሆልም ስደርስ ማስተርሴን የያዝኩት ከከተማው ዳር ባለችው ፍሌሚንግስቤሪ ነው። ብርዱን አትጠይቁኝ። እኔ የጦሳ ተራራን ጭጋግ ጠጥቼ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አልፈራም። ያስፈራኝ ጨለማው ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ብቅ ትልና ሰው ሳያያት ትጠፋለች። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት እዚህ አገር በእንክብካቤ ሥራ ላይ ስላሉ ጥቁር ሠራተኞች ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የሄድኩ ዕለት መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ጠየቀኝ።

«ጽሑፍሽ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ዘረኝነት።»

«አሜሪካ?»

«አይ፣ እዚሁ ስዊድን።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። «አገኘሽ?» አለኝ፣ ቁልፍ ስለጠፋበት ሰው እንደሚጠይቅ ዓይነት።

ፈቃዴ በእጁ ነውና ፈገግ አልኩ። በስዊድንኛ ዘር ማለት «ራስ» ነው። ይህን ቃል ጨዋ ሰው አፉ ላይ አያደርገውም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካልሆነ። ራስ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በራስ የተነሣ የሚደርስ በደልም የለም። አንቺ ራስሽን ያመመሽ እንደሆነ ግን ያው የራስሽ ጉዳይ ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ የተማሪ ክፍሉን አስረከብኩና ቤት ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ አንድራሃንድ የሚሉት ነገር አለ፤ አንዱ የተከራየውን ቤት ለሌላው መልሶ ያከራያል። አንዲት ሴትዮ በስልክ በጣም ጥሩ ሆነችልኝ። ሄጄ በሩን ሳንኳኳ ከፈተችና «ኦ» አለች። ከዚያ «ኦ» በኋላ ምን እንደሚመጣ እዚህ የኖረ ያውቃል።

«እኔ በበኩሌ ምንም ችግር የለብኝም» አለች። «ጎረቤቶቼ ናቸው።»

«ጎረቤቶችሽ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም። እንዳይሉ ነው።»

በመጨረሻ ሮግስቬድ አንድ ክፍል አገኘሁ። በአረንጓዴው የባቡር መስመር ላይ ነው፤ ያው መስመር ቬሊንግቢ ድረስ ሳያወርድ ይወስደኛል። ቬሊንግቢ ደግሞ ሥራዬ ነው፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት። የማስተማር ሥራ አመልክቼ አመልክቼ «አመሰግናለሁ፣ ግን» ከሚል መልስ በቀር አላገኘሁም። የመኖሪያ ፈቃዴ በሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሥራ ከሌለኝ ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ ገባሁበት። ጠዋት ጠዋት ባቡሩ ጢም ብሎ ሰዉ እላይ በላይ ቆሞ ሳለ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን አክብረውኝ መስሎኝ ነበር።

አኒካን ያገኘኋት በዚያ ክረምት ነው። ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ጥቁር አሳቢዎች ንግግር አለ የሚል ማስታወቂያ አይቼ ገባሁ። ተናጋሪዋ ስትነሣ አንገቴን አስግጌ አየኋት። ረጅም አንገት፣ ሰፊ ግንባር፣ ያቺ የእኛ ሰፈር ፊት። እኔ ደሴ ላይ በጠመኔ ያስተማርኳቸውን ሰዎች እሷ ጥርት ባለ ስዊድንኛ፣ እንደ አክስትና አጎቷ እየጠራች ታወራለች። ሲያልቅ አንድ ሰውዬ እጁን አወጣ። «ግን አፍሪካ ውስጥስ ጎሣ ለጎሣ አትጣሉም?» አላት። «እኔ የማውቀው የሰሜን ስዊድንን፣ የኖርላንድን ጎሣ ብቻ ነው» አለች። «እነሱም ይጣላሉ፣ በአደን ወቅት።» ሰው ሳቀ፤ ሰውዬው አልሳቀም።

ሰው ሲወጣ ተጠጋሁና ሳላስበው በአማርኛ፣ «እኅቴ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ይቅርታ» አለች በስዊድንኛ፤ «አልገባኝም።»

በሕፃንነቷ በጉዲፈቻ የመጣች ናት። ሰሜን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ አሳደገቻት። ወላጆቿ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ አንድም ቀን ስለ ቀለሟ አንሥተውባት አያውቁም። «እነሱ ቀለሜን አያዩም ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «ሌላው ሁሉ ግን ያይ ነበር። ስለዚህ ብቻዬን ነው ያየሁት።» አሁን አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ በጊዜያዊ ውል ትሠራለች፣ ብራዚል ስላሉ ጥቁሮች ታጠናለች፣ እዚህ ስላለው ነገር ደግሞ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለች። ጽሑፏ በወጣ ቁጥር የስድብ መልእክት ይጎርፍላታል። «ወደ አገርሽ ተመለሺ ይሉኛል» ትላለች፤ «አድራሻውን ግን አይልኩልኝም።»

ጓደኛሞች ሆንን። እሷ መጽሐፍ ታመጣለች፣ እኔ አበስላለሁ። በርበሬ አትችልም፤ እያለቀሰች ትበላለች።

ወደ ሥራ ቦታዬ ልመለስ። ጉኔል የምትባል ባልቴት ነበረች። እዚህ «አረጋዊት» ወይም «በሽተኛ» አይባልም፤ «ብሩካሬ» ነው የሚባለው፣ ተጠቃሚ እንደማለት። አንድ ጠዋት ላጥባት ስገባ ፈገግ ብላ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ንጹሕ ሰው ላኪልኝ» አለችኝ። ያልሰማሁ መስዬ ፎጣውን ሳነሣ ደወሉን ተጫነች። አለቃችን ካሪን ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ሰዓዳ፣ ጉኔል የሌላ ዘመን ሰው ናት፤ ታውቂያለሽ።»

«ዛሬ ጠዋት ግን ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን» አልኳት።

«የብሩካሬን ፍላጎት ማክበር አለብን። አንቺን ለመጠበቅም ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር የሆንን ሠራተኞች ወደ ጉኔል ክፍል እንዳንመደብ ሆነ። ሌሎቹ ተጠቃሚዎችም ይህ ዓይነት ምርጫ እንዳለ ሰሙ። ነገሩ እንደ ጉንፋን ከክፍል ክፍል ተላለፈ። ብዙም ሳይቆይ ያ ኮሪደር በሙሉ የነጭ ሆኖ እኛ ልብስ ማጠቢያና ወጥ ቤት ቀረን። «እኛ» የምለው ጋምቢያዎች፣ ሶማሌዎችና ሐበሾች ነን። ከሐበሾቹ አንዷ እትዬ አልማዝ ናቸው፤ እዚያ ቤት ጸጉራቸው እስኪሸብት የሠሩ። «እትዬ አልማዝ፣ እርስዎን እንኳ?» ስላቸው፣ «እኔን ድካሜን አይተው ነው ያሳረፉኝ» አሉኝ። «አንቺን ደግሞ በሒጃብሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ክፉ አታስቢ።»

ይህን ለአኒካ ነገርኳት። ማንኛችንንም በስም ሳትጠራ ጻፈችው። አዘጋጁ «ዘረኝነት» የሚለውን ቃል «ተግዳሮት» በሚል እንድትተካው ጠየቃት። እንቢ አለች፤ ተከራክራ እንዳለ አወጣችው። ወጣ፣ ተነበበ፣ ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ስለ በረዶው ማውራት ተጀመረ።

«ጽሑፍ ብቻውን የትም አያደርስም» አለችኝ አኒካ። «ሠራተኞቹ ራሳቸው በስማቸው ፈርመው መናገር አለባቸው። የእናንተን ሰዎች አስተዋውቂኝ።»

የእናንተ አለች፣ የእኛ አላለችም።

የእኛዎቹ ሰዎች እሑድ እሑድ አንድ አዳራሽ ተከራይተው የሚያመልኩ የወንጌላውያን ምእመናን ናቸው። እኔ ሙስሊም ብሆንም በሐዘን በደስታ ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። የአዳራሹ ሽማግሌ ጋሽ በቀለ የእትዬ አልማዝ ባለቤት ናቸው፤ ብዙ ዘመን አውቶቡስ የነዱ፣ የተከበሩ ሰው። ከአምልኮው በኋላ ጥቂት ጊዜ ፈቀዱልንና አኒካ ተናገረች፣ እኔ ተረጎምኩ። ሰዉ ሰማ። ሲያዩዋት ፊቷን ያምናሉ፣ አፏን ስትከፍት ግን ይርቋታል። ልጆቹ ብቻ ያለ እኔ እርዳታ ይሰሟት ነበር፤ ከኋላ ወንበር ሆነው ስልካቸውን አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

ጋሽ በቀለ ተነሡ።

«ሰዓዳ ልጄ፣ እንግዲህ ንገሪያት» አሉ። «እኛ ጥቁር አይደለንም። ሐበሻ ነን። ይሄ የጥቁር ጉዳይ የሚባለው የጋምቢያዎቹና የሶማሌዎቹ ነው። እኛ ሠርተን፣ ግብራችንን ከፍለን፣ በሰላም የምንኖር ሰዎች ነን። ደግሞ እሷ ፈረንጅ ያሳደጋት ልጅ ናት። ስለ እኛ ምን ታውቃለች?»

ጥቂት ሰው አጨበጨበ። አኒካ ወደ እኔ ዘንበል ብላ ትጠብቃለች። ማለሳለስ እችል ነበር። «ጉዳዩ ከባድ ነው ይላሉ» ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ በእኛ ወግ እንዲያውም ያስመሰግነኛል። ነገር ግን ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ነገር ለስልሶ ሲነገራት የኖረች ናት። ቃል በቃል ነገርኳት፣ «ፈረንጅ ያሳደጋት» የሚለውን ጭምር።

አኒካ፣ «ይህን ንገሪልኝ» አለች። «ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት በስሜ የማይጠሩኝ ልጆች ነበሩ። ይጠሩኝ የነበረበትን ቃል እዚህ አልደግመውም። አንዳቸውም ግን ከመጥራታቸው በፊት ሐበሻ መሆኔን አልጠየቁኝም።»

ተረጎምኩ። ከኋላ ያሉት ልጆች ቀድመው ሰምተውት ስለነበር ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዲቱ ልጅ እናቷ ወደ እሷ ዞራ ስታያት በስዊድንኛ «እውነቷን ነው» አለች፣ እናቷም «ዝም በይ» አለቻት በአማርኛ።

ይሄኔ እትዬ አልማዝ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ወደ አኒካ ሳይሆን ወደ ባላቸው እያዩ ተናገሩ።

«እኔም እዚያ ነው የምሠራው፣ በቀለ። ያቺን ጉኔል የምትባለውን ሴትዮ ከወንበር ሳነሣት፣ የነካሁትን ክንዷን እኔው ፊት በፎጣ ጠረገችው። ጠርጋ ስታበቃ ፎጣውን ለእኔ ሰጠችኝ፣ እንዳጥበው።»

«መቼ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ቆየ። ቤት ስገባ ‹እንዴት ዋልሽ?› ትለኛለህ፣ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› እልሃለሁ። ሌላ ምን ልበልህ? አንተስ ያን ሁሉ ዘመን አውቶቡስ ስትነዳ አንድ ቀን የሆንከውን ነግረኸኛል?»

  የጋሽ በቀለ ዓይን እንባ ሲሞላ አየሁ፤ አሁን የሆነ ነገር ሊሉ ነው ብዬ ለመተርጎም ተዘጋጀሁ።

«እንጸልይ» አሉ።

ሁሉም ተነሥቶ ዓይኑን ጨፈነ። አኒካ ዓይኗን ገልጣ ቆማ ትጠብቃለች። ጸሎቱ ረዘመ፤ ስለ ስዊድን መንግሥት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰላም፣ ስለ ታመሙት ተጸለየ። ስለ ፎጣው የተነሣ ነገር የለም። ሲያበቃ ሻይ ቀረበ፤ ማንም አልፈረመም። ውጭ ስንወጣ እየመጡ «ጎበዞች ናችሁ፣ በርቱ» ይሉናል። በርቱ ያለን ሁሉ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

በነጋታው ካሪን አስጠራችኝ። የአኒካ ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

«ከጋዜጣ ጋር ተነጋግረሻል?»

«ከጓደኛዬ ጋር ነው የተነጋገርኩት። ጓደኛዬ ትጽፋለች።»

«የመኖሪያ ፈቃድሽ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ መሰለኝ?»

«ልክ ነው።»

«እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው» አለች፣ ቡና እየቀዳችልኝ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና እትዬ አልማዝ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ። እኔ አልጠራኋቸውም፣ ማንም አልጠራቸውም። ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው ካሪን ጠረጴዛ ላይ፣ ጋዜጣው ላይ አኖሯቸው። በዚያ ብዙ ዓመት ተናግረውት በማይጣፍጠው ስዊድንኛቸው፣ «እጆቼ ንጹሕ ናቸው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ካሪን ቀላች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ «አልማዝ፣ አልማዝ» አለችና አቀፈቻቸው። እኔም ለአንድ አፍታ፣ አልዋሻችሁም፣ አሸነፍን ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ኬክ ነበረ። እዚህ አገር ኬክ ከቀረበ ክፉ ነገር ሊነገራችሁ ነው ማለት ነው። ካሪን ስለ እኩልነት ረጅም ንግግር አደረገችና መፍትሔውን ነገረችን። ከዚህ በኋላ ነጭም ይሁን ሌላ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ወደ ማንኛውም ክፍል ይገባል። ነገር ግን ማንም በማንም እንዳይከፋ፣ ሁላችንም ለሁሉም ነገር፣ ሻይ ለማቀበልና ጸጉር ለማበጠርም ቢሆን፣ እስከ ክርን የሚደርስ ሰማያዊ ጓንት እናደርጋለን። «ከእንግዲህ ልዩነት አይታይም» አለች፣ ፊቷ በርቶ። የነጮቹ ሠራተኞች አጨበጨቡ። እትዬ አልማዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አሁንስ ምን ልንባል ነው፣ ሰማያዊ?» አሉኝ።

ጉኔል ግን አልተታለለችም። «ጓንቱ ጥሩ ነው» አለች አሉ፤ «ፊታቸውንስ ምን ልታደርጉት ነው?»

እኔን «ለደኅንነቴ» ብለው ልብስ ማጠቢያ መለሱኝ። ሰዓቴ ተቀነሰ፤ ለፈቃዱ ይበቃል አይበቃም የሚለውን እየጠበቅሁ ነው። እትዬ አልማዝ አሁንም እዚያው ናቸው። ጋሽ በቀለ ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ቀን ባቡር ውስጥ አገኙኝ። ከፊቴ ቆመው ቆዩና፣ አጠገቤ ባዶ የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስኪወርዱ ድረስ ስለ አየሩ ብቻ አወሩኝ።

አኒካ ደግሞ ተቋሙ ውሏን ሳያድስላት ቀረ። «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ለርዕሱ በጣም ትቀርቢያለሽ፤ ርቀት ያስፈልጋል» አሏት። በእሷ ቦታ የገባው ሰው ርቀት አለው፤ በጣም ሩቅ ነው፤ ነጭ ነው። እሷ ለማስተማር ብራዚል ልትሄድ ሆነ። «እዚያስ ዘረኝነት የለም?» ስላት፣ «አለ» አለች፤ «ግን መኖሩን አይክዱኝም።»

ለመሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ቅዳሜ ምሳ ጠራኋት። እየበላን ሳለ አባ በቪዲዮ ደወሉ። ስልኩን ስዘረጋው አኒካ ከጎኔ ታየች።

«ማሻ አላህ! ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ አባ።

«ጓደኛዬ ናት፣ አባ።»

«የእኛ አገር ልጅ ናት። ምነው ታዲያ ሰላም አትለኝም?»

«አማርኛ አትችልም። በሕፃንነቷ ነው የመጣችው፤ ፈረንጆች ናቸው ያሳደጓት።»

  አባ ፊታቸውን ወደ ስልኩ በጣም አስጠግተው፣ ግንባራቸውና አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ፣ አኒካን አዩዋት።

«በክፉ ቀን የሄዱት ልጆች» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መቼ ነው የምትመጡት?» አሉ።

ተረጎምኩላት። አኒካ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አንቺን ብቻ ነው የጠየቁት?»

«አይ» አልኳት። «ሁለታችንንም ነው።»

 እኔ ፈቃዴን እየጠበቅሁ ነው፤ ብወጣ መመለሴን እንጃ። እሷም ማንን ብላ ትሂድ? ሁለታችንም ስልኩን አየነው።

«ሃሎ?» አሉ አባ። «ሃሎ? ሰዓዳ፣ አትሰሙኝም እንዴ?»